ስትሞቅ የማትነሳው የአባባ ዊሊስ

ማክሰኞ፣ ጁን 18

«የሟች ዶን አርሴኒዮ ጂፕ በሞቀ ጊዜ ተመልሶ እንደማይነሳ በሕዝብ ፊት የታየ ስለሆነ በዘንድሮው የሾፌሮች በዓል ሰልፍ አይካተትም ባለቤቱ ከፈለገ በጭነት መኪና አስጭኖ ለመታሰቢያነት ሊያሳየው ይችላል።»

ቃል በቃል ገለበጥኩት። ቀን የለውም። ፊርማ የለውም። «አይካተትም» ከሚለው በኋላ አራት ነጥብ እንኳ የለም። በበር ሥር አሾልከውት ሄዱ። እማዬ በረንዳ ላይ ባቄላ ስትፈለፍል ነበር፤ ማን እንዳመጣው አላየችም። ጠዋት ዝናብ፣ ከሰዓት ፀሐይ። ሌላ ምንም ያልነበረበት ቀን።

ማህተሙ የበዓሉ ኮሚቴ፣ አጻጻፉ የኮሚቴው ጸሐፊ የጊልዳርዶ። አራት ነጥብ የማያውቅ ሌላ ማን አለ?

አምና የሆነውን አልክድም። ሰልፉ ዳገቱን ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርስ ሁሉም ሞተሩን ያጠፋል፤ ቄሱ ጠበል ይረጫሉ፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ አስነስቶ ክላክስ ያደርጋል። ሁሉም አስነሳ። የእኔ... ሞተሪኖው ዞረ፣ ዞረ፣ ሞተሩ እምቢ። የሾፌሮች ጠባቂ የካርሜን እመቤታችን ምስል ከኋላዬ አበባ በተሞላው መኪናዋ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ገፉኝ። ጊልዳርዶም ከገፊዎቹ አንዱ ነበር። እየሳቀ።

ግን በጭነት መኪና? ስንት ዘመን ሰልፉን የመራችውን የአባባን ዊሊስ ጂፕ፣ እንደ ሬሳ?

ለእማዬ አነበብኩላት። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ከጎኔ ተቀምጣ ልትሄድ ቀሚስ ሁሉ አሰፍታለች።

«ታዲያ ለከርሞ አሠርተህ እንሄዳለና» አለች።

አንድ ባቄላ ፈልፍላ ደግሞ፣ «ለከርሞ ማን አውቆ።»

ሐሙስ፣ ጁን 20

ሩቢየል መጣ። መካኒክ ነው፤ አንደኛ ክፍል አብረን ገብተናል። ግብርና ኮሌጅ ከጨረስኩ ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

«ኢንጂነር፣ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ እየፈላ ነው። መድኃኒቱ የልብስ መቆንጠጫ።»

«የእንጨት ቁራጭ ሙቀት እንዴት ያወርዳል? አስረዳኝ።»

«እኔ ምን አውቄ! አጎቴ ያደርግ ነበር፣ ይሠራ ነበር።»

በዚህ ከተማ መኪና በሞቀ ቁጥር ሁሉም የሚለው ይኸው ነው። የነዳጁን ቱቦ ከዳር እስከ ዳር በመቆንጠጫ ደረደረው። የወፍ ላባ መሰለ። ተራራው ጫፍ ወጣን፣ አጠፋሁ፣ መልሼ አዞርኩ። ምንም።

«ጨምርበት» አለ ሩቢየል።

«የማን ልብስ ይውደቅ?»

ቆመን ጠበቅን። ቀዝቀዝ ስትል ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሳች። እማዬ ቤት ስንደርስ መቆንጠጫዎቿን አንድ በአንድ ነቅላ፣ አሽታ፣ «ቤንዚን ቤንዚን ይላሉ» ብላ ወረወረቻቸው።

አርብ፣ ጁን 21

ብቻዬን ወጣሁ። ስመለስ ምንጩ ያለበት መታጠፊያ ላይ ቆምኩና አጠፋሁ፤ ለሙከራ። አልተነሳችም። ከግንቡ ላይ ተቀመጥኩ።

ስንት ጊዜ ነው እዚህ ግንብ ላይ የተቀመጥኩት? እግሬ መሬት ሳይደርስ ጀምሮ...

አባባ ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው አልነበረም። ምሳውን ሰሃኑን በእጁ ይዞ፣ በሩ ላይ ቆሞ ነበር የሚጨርሰው። ከእርሻ ጭነት ስናወርድ ግን እዚህ ስንደርስ ሞተሩን ያጠፋል። ራዲያተሩ ላይ ውሃ ይጨምራል። ከዚያ ይቀመጣል! ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። አያቴ በቅሎ እየነዳ ተራራውን እንዴት እንደተሻገረ የሰማሁት እዚህ ነው። በሁለት ጣት ማፏጨት የተማርኩትም። ፓኔላ፣ ጥቁሩ የሸንኮራ ስኳር፣ የሟሟበት ውሃ ከአንድ ጠርሙስ ተቀባብለን እንጠጣ ነበር፤ እሱ አፉን ያደረገበት ላይ የትምባሆ ሽታ ይቀራል።

«ለምንድነው ሁልጊዜ እዚህ የምንቆመው?» ብዬው ነበር።

«ደስ ስለሚል።»

ዛሬም ደስ ይላል። ምንጩ ቀጥኗል እንጂ። ሸለቆው ያው ነው፣ ጭጋጉም ያው። ጠርሙሱን ግን የምቀበለው የለም።

በሰልፉ ቀን ደግሞ ሁልጊዜ ከቁልቁለቱ አፍ ላይ ነበር የሚያቆማት። ጠበሉ እንዳለቀ ፍሬኑን ለቅቆ፣ ተንደርድሮ፣ በሁለተኛ ማርሽ ያስነሳል። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ሽቅርቅርነት ይመስለኝ ነበር...

ቆይ። ያኔም አትነሳም ነበር ማለት ነው?

እሑድ፣ ጁን 23

ግምት በቃ። ሞተር ካልተነሳ ወይ ቤንዚን አጥቷል፣ ወይ እሳት። ሦስተኛ የለም።

ግቢ ውስጥ እስክትግል አስነስቼ አቆየኋትና አጠፋሁ። ኮፈኑን ከፈትኩ። ካርቡራተሩ ቤንዚን አለው፤ ደህና አድርጎ ይረጫል። የሩቢየል መቆንጠጫ አበቃለት። ካንዴላ ፈትቼ ብረት ላይ አስጠጋሁ። ቁልፍ የሚያዞር ሰው ጠፋ። እማዬ መጎናጸፊያዋን አስተካክላ መሪው ጋ ወጣች።

«ላዙረው?»

«አዙሪው እማዬ!»

«አትጩህብኝ፤ ዞሯል!»

እሳት የለም። ጨርቅ ቀዝቃዛ ውሃ ነክሬ ለካንዴላው እሳት የሚልከው ቦቢና ላይ ጠቀለልኩ። ቸስ አለ። ትንሽ ጠብቀን እንደገና አዞረች። ሰማያዊ እሳት! ካንዴላውን መልሼ አሰርኩ፤ በመጀመሪያው ዙር ተነሳች። እማዬ ደንግጣ ክላክሱን ያዘችው፣ የጎረቤት ዶሮዎች ተበተኑ።

ቦቢናው ነው። ግን አዲስ ብቀይርም ይቃጠላል፤ ምክንያቱም ያለ ቦታው ነው። ሞተሩ ላይ፣ የጭስ መውጫው ብረት አጠገብ ታስሯል። መቀመጥ የነበረበት ኮፈኑ ውስጥ ሞተሩን ከሾፌሩ በሚለየው ቆርቆሮ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝበት። እዚያ ቦታ ላይ ምን አለ? የካርሜን እመቤታችን የነሐስ ሰሌዳ። በአራት ቡሎን፣ በአባባ እጅ፣ ለዘለዓለም የታሰረች።

ለእማዬ ነገርኳት። ቁልፉን ከመኪናው ነቅላ ኪሷ ከተተችው።

«አትንካት» አለች። ገባች።

ማክሰኞ፣ ጁን 25

ሁለት ቀን ተኮራርፈን ከረምን። እኔ ጮኬያለሁ። «ፊዚክስ ነው እንጂ ሃይማኖት አይደለም» ብዬ በሯ ላይ... ምን ያስጮኸኛል?

ዛሬ ራሷ ጠራችኝ።

«አባትህን ታውቀዋለህ። ሩጫ፣ ሩጫ። ገደሉ አንድ ቀን ይበላዋል እያልኩ እንቅልፍ የለኝም። ሰሌዳዋን አስባርኬ ሰጠሁት። ያንን ጣሳ የመሰለ ነገርህን አንስቶ እሷን ተከላት። እኔ ሁለት ነገር ነበር የለመንኳት፤ እንዳይወድቅ፣ ትንሽ ደግሞ ቁጭ እንዲል።»

«እና?»

«በዚያው ሰሞን መኪናይቱ መቆም ጀመረች። እሱ ይራገማል፣ እኔ ሻማ አበራለሁ። ከዚያ ወዲያ ነው አንተም ማፏጨት የለመድከው።»

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ አልመጣልኝም። እነዚያ ሁሉ ከሰዓቶች... ቦቢና ስለጋለ?

«አባባ ምክንያቱን ሳያውቅ ሞተ?»

«ማ? አርሴኒዮ?» ቀና ብላ አየችኝ። «አንድ ቀን ‹ኦዲላ፣ መኪናዋን የምታስቆማት ያንቺው እመቤት ናት፤ ላንሳት?› አለኝ። ‹አንተ እንደፈለግህ› አልኩት። መፍቻውን ይዞ ወጣ። ቆየ። ተመልሶ መፍቻውን ሰቀለ። ‹ምን ሆንክ?› ብለው፣ ‹ልጁ ምንጩ ጋ መቀመጥ ይወዳል› አለኝ።»



ቅዳሜ፣ ጁን 29

ማለዳ እማዬ መፍቻውን ራሷ አመጣችው።

«ሥራዋን ጨርሳለች። ከዚያ ሙቀት አውጣት፣ ስንት ዓመት ተጠበሰች!»

ጥላሸቷን በሎሚና በአመድ ፈተገችላት። ፊቷ ወጣ፤ ፈገግ ያለች መሆኗን አላውቅም ነበር። አሁን ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከእማዬ መቀመጫ ፊት ለፊት ናት። በአራቱም ቡሎን። አዲሱ ቦቢና በእሷ ቦታ ገባ።

በጠራራ ፀሐይ፣ የቡና ጆንያ ጭነን፣ ሩቢየልና እማዬ ከእኔ ጋር፣ ተራራው ጫፍ ድረስ። አጠፋሁ። አዞርኩ። ተነሳች። አጠፋሁ። ተነሳች።

«ተአምር ነው ኢንጂነር!»

«ተአምር አይደለም፣ ቦቢና ነው።»

«ዶኛ ኦዲላ፣ እርስዎ ይፍረዱን።»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ» አለች፣ «መንገዱን እዩ።»

ሩቢየልን ጋራዡ አወረድነው። ስንመለስ መታጠፊያው ጋ እጄ ቁልፉን አጠፋው። ማንም አላዘዘው። እማዬ ወረደች፣ ግንቡ ላይ ተቀመጠች፣ ከቦርሳዋ የፓኔላ ውሃ አወጣች። ጠርሙሱን ጠጥታ አቀበለችኝ።

«አርሴኒዮ እዚህ ምን ምን ይልህ ነበር?» አለች። ለእሷ አንድም ቀን አልነገራትም ለካ።

ከአያቴ በቅሎዎች ጀመርኩ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 2

ዛሬ በእጄ የሰጠሁት ደብዳቤ ግልባጭ፦

«ለሾፌሮች በዓል ኮሚቴ። ቀንና ፊርማ የሌለው ማስታወቂያችሁ ደርሶኛል። የዶን አርሴኒዮ ዊሊስ ስትሞቅ የማትነሳበት ምክንያት ተገኝቶ ታርሟል። በፈለጋችሁት ቀን፣ በፈለጋችሁት ዳገት፣ በእኩለ ቀን መጥታችሁ ሞክሯት። ጁላይ 16 እናቴ ዶኛ ኦዲላ በፊተኛው ወንበር፣ በራሷ ጎማ ላይ በቆመች መኪና፣ በሰልፉ እንድታልፍ እጠይቃለሁ። ውሳኔያችሁ በጽሑፍ፣ ከነቀኑና ከነፊርማው፣ እስከ አርብ ጁላይ 12 ቀትር ይድረሰኝ። ቤት ካጣችሁን ምንጩ መታጠፊያ ላይ ነን። ሞተሩ ጠፍቶ ብታገኙት አትግፉን፤ ያጠፋነው እኛ ነን።»