ከጊዮርጊስ ደጅ ያልወረድኩበት ቀን

ደምበጫ፣ ግንቦት ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎን የሚይዝዎ ሕመም ተሻለዎ? ጊደሯስ ወለደች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ፤ ስለ ጤናዬ ግን ውሸት አልጽፍም። ይህን የሚያነቡልዎ መምሬ ላቀው ናቸውና ሰላምታዬ ይድረሳቸው። የተጻፈውን ብቻ ያንብቡ፣ ከራሳቸው ማጽናኛ አይጨምሩ፤ ሲጨርሱም ያቃጥሉት።

በዳኘው ተዝካር ላይ ያሉትን ሰምቻለሁ፤ እዚያው ዳሱ ውስጥ ነበርኩ። "ልጄን ወንድሜ ሸጠው፤ የጣሊያን መኪና እየነዳ አስገደለው" አሉ። እህል ሳልቀምስ ወጣሁ። አሁን ግን የሆነውን እንደሆነው ልጽፍልዎ ተቀምጫለሁ።

መኪና መንዳት የት እንደተማርኩ ያውቃሉ። ስዊስ አገር ተማሪ ሳለሁ፣ ዩኒቨርሲቲው ለዕረፍት ሲዘጋ፣ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ለሦስት ቀን መኪና ተከራይተን ሐይቅ ዳር ለዳር ዞርን። ባለቤቱ ያለ አንድ ጭረት እንድንመልሳት አስፈረመን፤ እኔም በየመንደሩ እየወረድኩ በመሐረቤ እወለውላት ነበር። ይህን ከሃያ ዓመት በላይ በየማኅበሩ ሳወራ፣ እናንተም ስትስቁብኝ ኖርን። ጣሊያን ሲገባ መማሬን ደበቅሁ፤ ወሬዬን ግን መደበቅ አልቻልኩም።

ባለፈው የካቲት አንድ የጣሊያን ሹም ከሚስቱ ጋር ከአሥመራ ለዕረፍት መጣ፤ አገር ሊያይ፣ ቆቅ ሊተኩስ። ደብረ ማርቆስ ካለ አንድ ግሪካዊ ነጋዴ መኪና ተከራየ። ነጋዴው "የሚነዳልህ ሰው አለ" ብሎ ስሜን ጠራ፤ ሁለት ወታደሮች መጥተው ወሰዱኝ። ያለ ጭረት ልመልሳት አሁንም ፈረምኩ። ከኋላችን ወታደሮች የጫነ ካሚዮን ይከተለን ነበር።

አራት ቀን ቡሬ እየደረስን ተመለስን። በየቀኑ ከማንኩሳ አለፍ ብሎ ካለው ጊዮርጊስ ደጅ ስደርስ መኪናዋን አቁሜ ወረድኩ። ሰው ከበቅሎ የሚወርድበት ደጅ ነው፤ እኔስ በመኪና ስለመጣሁ ለምን ተቀምጬ አልፋለሁ? ሹሙ በመጀመሪያው ቀን ጮኸብኝ። ሚስቱ ግን ወደደችው፤ ቅጥሩን ስሳለም ፎቶግራፍ አነሳችኝ። ከዚያ ወዲያ "የኛ መነኩሴ" እያሉ ይሳሳቁብኝ ጀመር።

ዳኘው ከአርበኛ ጓዶቹ ጋር ሆኖ ይህን ከጥሻው ውስጥ ያይ ነበር። በአራተኛው ቀን ሰው ላከብኝ። "አጎቴ፣ ነገም እንደ ልማድዎ ይውረዱ። ከቅጥሩ ገብተው መሬት ላይ ወድቀው ይሳለሙ፤ የቀረውን ለኛ ይተዉት" አለ። እሺ አልኩ። ለማንም አልነገርኩም፤ ለእርስዎም ጭምር።

በማግስቱ ማንኩሳን እንዳለፍን እርስዎን መንገድ ላይ አገኘንዎ፤ ስንቅ ተሸክመዋል። ለማን እንደያዙት አውቃለሁ። ሴትዮዋ ቀሚስዎን አይታ ፎቶግራፍ አነሳችዎ፤ ቀጥላም "ትሳፈር" አለች። እኔ "እታለም፣ ዛሬ በእግርዎ ይሂዱ" ብዬ ተቆጣሁ። ሹሙ ፊት ፊቴን እያየኝ ሌላ ምን ልበል? እርስዎ ግን "ለጣሊያን የሰፋ ወንበር ለእህትህ ጠበበ? አፈርክብኝ?" ብለው በንዴት ገቡ። ሁልጊዜም እንዲህ ነዎት። ልጆች ሳለን፣ ወንዙ ሞልቷል ባልኩዎ ቀንም ተሻግረዋል።

ከጊዮርጊስ ደጅ ስንደርስ አላቆምኩም። መሪውን አጥብቄ ይዤ ነዳሁ። እርስዎ ፊትዎን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው እየተሳለሙ "ከደጁ ሳትወርድ! የጣሊያን ወንበር ጣመህ! እሱ ይፍረድብህ!" አሉኝ። እኔ መስታወቱን ነበር የማየው። ዳኘው ከማዶው ጥሻ ወጣ፤ መኪናዋ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ አይቶ ነበር። ጠመንጃውን ጥሎ ነበር የሚሮጠው። አፉን ከፍቶ ይጣራ ነበር፤ የሚጣራው እኔን አልነበረም። ከዚያ ካሚዮኑ ጋረደው። ከካሚዮኑ የተተኮሰውን ሲሰማ ሹሙ "ልጆቹ ቆቅ አገኙ" አለ፤ ሚስቱም ሳቀች። እርስዎ ወደ ኋላ አልዞሩም።

ለምን አልወረድክም ይሉኛል። ፈራሁ። መልሴ ይህ ብቻ ነው። ለማን እንደፈራሁ አይጠይቁኝ፤ ለራሱ ነው ብለው ይያዙት፣ በየዳሱም እንዲሁ ይናገሩ፤ አልከራከርም። ይህን ደብዳቤ ስጀምር ሌላ ነገር ልጽፍ ነበር።

መኪናዋን በማግስቱ መለስኩ። ግሪካዊው ዙሪያዋን እየዞረ በጣቱ ዳሰሳት። አንድ ጭረት አልነበረባትም።

ክረምቱ ሳይገባ የቤትዎን ክዳን የሚያድስ ሰው እልካለሁ፤ ማን ላከው ብለው አይመልሱት። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። በዚያ ቀን ጊዮርጊስን ሳልፍ የለመንኩትም ይህንኑ ነበር።

ሳይወርድ ያለፈው፣
ታናሽ ወንድምዎ