ከወፍጮው ሥር የሚመታው

ሰኞ፣ ጥር 15

አቁሚው አልኳት። አይቆምም አለችኝ።

ልጄ ጥሩወርቅ ናት። ባሏ ካረፈ ወዲህ ከመካነ ብርሃን በላይ ያለውን የናፍታ ወፍጮ ብቻዋን ይዛዋለች። ሞተሩን የተከልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ደውላ «አባ፣ አንድ ነገር ይመታል» አለች። የት ነው የሚመታው አልኳት። «እንጃ። በጆሮዬ አይደለም የምሰማው፣ በእግሬ ነው። መሬቱ ውስጥ እግሬን ይመታኛል።»

እግር አይሰማም። ሞተር የሚሰማው በጆሮ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት እንዲህ ነው፤ ያስተማረኝም የለም። ሳልሰማውም አወቅሁት፤ የቢየላው ብሮንዚን አልቋል። ብሮንዚኑ፣ ልባሱ፣ ሲበላ ፒስተኑን የሚገፋው ክንድ፣ ቢየላው፣ ይላላና ሞተሩን ከውስጥ ይደበድበዋል። በዚያ ላይ ከተፈጨበት አንድ ቀን የሞተሩን ሆድ ቀዶ ይወጣል። ሲወጣ ማን ፊቱ እንደቆመ አይመርጥም።

ባለፈው ሳምንት በዚያ ያለፈ የደባርቅ መካኒክ «ቫልቭ ነው፣ ምንም አይልም፣ ፍጪ» ብሏታል። እሷም ትፈጫለች። የሰርግ ሰሞን ነው፤ ለእሑዷ ማርያም የሚደግስም አለ። አህያ ጭነው ከሩቅ የመጡ ሰዎች በር ላይ ተሰልፈዋል። ሌላው ወፍጮ የቀን መንገድ ነው።

«ምን ልበላቸው አባ?»

«ሞተሩ ታሟል በያቸው።»

«ታሞም ይፈጫል።»

እኔን ትመስላለች። ይኸ ነው ችግሩ።

ከዚህ ከከተማ ሄጄ በገዛ እጄ ብፈታው አንድ ጧት አይፈጅብኝም። መንገዱ ግን አንድ ቀን ተከፈተ፣ አንድ ቀን ተዘጋ ይባላል። ዛሬ የተነሳ ማኪና የለም። ስለዚህ ድምፁን በስልክ ቀድታ እንድትልክልኝ አዘዝኳት። መጀመሪያ እየፈጨ፤ ቀጥሎ ድንጋዩን የሚያዞረውን ጠፍር፣ ቺንጋውን፣ በዱላ ገፍታ ጥላ፣ ሞተሩ ብቻውን ሲዞር።

ማክሰኞ፣ ጥር 16

ድምፁ ደረሰኝ። በስልኩ ስከፍተው ዶሮ ቆርቆሮ ላይ ስትጭር ይመስላል። ሌላ ምንም የለውም።

ፒያሳ ወርጄ ስልክ የሚጠግነው ዳዊት ዘንድ ሄድኩ። ራስ ላይ የሚደፋ፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያሰማ ማዳመጫ ስጠኝ አልኩት።

«ቤዝ ያለው ማለትዎ ነው። ምነው አያ ፈንታ፣ ጭፈራ ቤት ሊከፍቱ ነው እንዴ?»

አልሳቅሁም። ሞተር ልሰማበት ነው አልኩት። እሱ ግን ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። ሁለቱን ጆሮ እንደ ጽዋ የሚገጥም ትልቅ ማዳመጫ አውጥቶ «ይኸ ደረትዎን ነው የሚመታው» አለኝ።

ቤት ገብቼ ደፋሁት። የቺንጋው ጥፊ ይሰማል። አህያ ስታናፋ ይሰማል። ሁለት ሰዎች በተራ ሲጨቃጨቁ ቃል በቃል ይሰማል። ወፍራሙ ድምፅ የለም። ደግሜ ሰማሁ። የለም።

ጥሩወርቅ ማታ ደወለች፤ «ምን አገኘህ?» እየሰማሁ ነው አልኳት።

ረቡዕ፣ ጥር 17

የሞከርኩት ይኸ ነው። ድምፁን እስከ ጫፍ ከፈትኩት፤ ጆሮዬ ብቻ ጮኸ። ግራና ቀኙን አቀያየርኩ፤ ያው ነው። የማዳመጫውን ገመድ ነቅዬ፣ ጠርጌ መልሼ ሰካሁት። ከሰዓት በኋላ ዳዊት ዘንድ ተመለስኩ። ስልኬ ውስጥ የድምፅ ማስተካከያ አወጣና ቤዙን ወደ ላይ ገፋልኝ። አሁን ደግሞ ድምፁ ሁሉ እንደ ተቀደደ ከበሮ ተንጫጫ። ምቱ ግን አልመጣም።

ሸቀጥህ የማይረባ ነው አልኩት። ከእጄ ወስዶ ራሱ ላይ ደፋው፤ ዘፈን ከፈተ፤ ትከሻውን መታ መታ አደረገ። «ይኸው እኮ! አንጀቴ ውስጥ ገባ!» ከዚያ ወደ ራሴ አየ። «አያ፣ እስቲ ቆብዎን ያውልቁት።»

ቆቤ አይወልቅም። ሊማሊሞ ላይ የተሰበረ ማኪና ሥር ተኝቼ ያደርኩ ጊዜ ብርድ ጆሮዬን መትቶኝ ለሞት ደርሼ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሱፍ ቆቤ ጆሮዬን ሸፍኖ ይውላል፣ ሸፍኖ ያድራል። የሚወልቀው ቤተ ክርስቲያን ስገባ ነው፤ ያኔም ወዲያው በነጠላዬ እሸፈናለሁ። ይኸንን ለስልክ ጠጋኝ አላስረዳም። ማዳመጫውን ነጥቄው ወጣሁ።

«ቆቡን አልኩ እንጂ አንገትዎን መቼ አልኩ!» እያለ ከኋላዬ ይጮሃል። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ።

ማታ ከጥሩወርቅ ጋር ተጣላን። አቁሚ አልኳት፤ ጮኼ ነው ያልኩት። «መካኒኩ ቀርቦ አይቶ ፍጪ አለኝ። አንተ እዚያ ተቀምጠህ፣ ምን እንደሰማህ እንኳ ሳትነግረኝ አቁሚ ትለኛለህ። የቱን ልመን?»

ምን ብዬ ልንገራት? አልሰማሁማ።

ሐሙስ፣ ጥር 18

ስልኳ አይሠራም። ከጧት ጀምሮ ደወልኩ። ወደዚያ ሁሉ መስመር የለም ይላሉ።

መናኸሪያ ሄድኩ። ነገ ምናልባት አሉኝ። ምናልባት ማኪና አይደለም፣ አይሳፈሩበትም።

ባለቤቴ አለሚቱ ምሳ አቅርባ ጠራችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ስልኩን ተውና ብላ።» አልራበኝም አልኩ። ሳልበላም ተነሳሁ።

ከሰዓት በኋላ እንደገና ሰማሁት። ተናድጄ ሁለቱን ጽዋ በመዳፌ ጆሮዬ ላይ ጫንኳቸው። አንድ ነገር መጣ። ከሩቅ፣ ከታች፣ እንደ ሰው ኮቴ። ስለቀው ጠፋ። ስጫነው መጣ። ምን እንደሆነ ለመለየት ግን መዳፌ ሁለቱን እኩል አይጫንልኝም።

ዓርብ፣ ጥር 19

ጧት ስነሳ ነው የገባኝ። ማንም አልነገረኝም ብዬ ልጽፍ ነበር። ዳዊት ነግሮኛል።

የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ሲገጠም ከሥሩ ጓርኒሲዮን ይነጠፋል፤ ትንፋሽ እንዳይወጣ። ያን ጊዜ አንዲት ክር እንኳ ከሥሩ ከገባች ትንፋሹ በዚያ ይሾልካል፤ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ከእኔ ጋር የሠራውን ሁሉ በዚህ ነገር ስሰድብ ኖሬአለሁ። ይኸ ማዳመጫ ዙሪያው ለስላሳ ትራስ አለው። ትራሱ ጓርኒሲዮን ነው። እኔ ከሥሩ ክር አይደለም፣ ሙሉ የሱፍ ቆብ ነው ያነጠፍኩበት። ወፍራሙ ድምፅ ሲሾልክ ቀጭኑ ብቻ ይቀረኛል።

በሩን ዘጋሁ። ቆቤን አወለቅሁ።

አለሚቱ ከጓዳ ስትወጣ ደንግጣ ቆመች። «ምነው? ምን ሆንክ? አመመህ?» ዝም በይ አልኳት። ጋቢዋን መስኮቱ ላይ ሰቀለችልኝ፣ ነፋሱ እንዳያገኘኝ።

ከፈትኩት። መጣ። ድው፣ ድው፣ ድው። አንገቴ ድረስ ተሰማኝ። «ብሮንዚን ነው፣ አላልኩም?» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ግን አንድ ነገር አልተስማማኝም። ምቱ ከሞተሩ ጋር አይሄድም። አንዴ ይቀድመዋል፣ አንዴ ወደ ኋላ ይቀራል። የቢየላ ምት ከሞተሩ ርምጃ ውልፍት አይልም።

ሁለተኛውን ከፈትኩ፣ ቺንጋውን ስትጥል የቀዳችውን። ዱላው ይሰማል። ቺንጋው ወደቀ። ሞተሩ ያው እኩል ይዞራል። ድውታው ግን እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ቆመ።

ከቺንጋው ተለይቶ እየዘገየ የሚቆም አንድ ነገር ብቻ ነው። ድንጋዩ። የድንጋዩ ዘንግ የሚቀመጥበት ኩሽኔታ አልቋል፣ ወይም ከመሬት ጋር የሚያስረው ብሎን ላልቷል። ለዚያ ነው መሬቱን የሚመታው። ለዚያ ነው በእግሯ የሰማችው።

ከሞተሩስ ራቅ ትላለች። ድንጋዩ ላይ ግን ጎንበስ ብላ እህል የምትጨምረው እሷ ናት። ያ ድንጋይ እየዞረ ከሥሩ ከተነቀለ የሚያቆመው ግድግዳ የለም።

ደወልኩ። የለም። ደወልኩ። የለም። አለሚቱ ሥዕለ ማርያም ፊት ተንበርክካለች። እኔ እየቆምኩ እየተቀመጥኩ ደወልኩ።

እኩለ ቀን ላይ ጠራ። አነሳችው። ወፍጮው ከኋላዋ ያጓራል።

«አቁሚ!»

«አባ፣ ደግሞ ጀመርክ…»

«ቢየላው አይደለም። ተሳስቻለሁ። ከድንጋዩ ሥር ነው፣ አንቺ እንዳልሽው። እግርሽ ልክ ነበር።»

ስልኩን ሳትዘጋ «ዞር በሉ! ከፊቱ ዞር በሉ!» ስትል ሰማሁ። ሞተሩ ሳል ሳል ብሎ ጠፋ። አንድ ጎልማሳ «ልጄን በምን ልድራት ነው?» ብሎ ሲጮህባት ሰማሁ። መስመሩ ተቋረጠ።

እስካሁን አልተመለሰም።

ቅዳሜ፣ ጥር 20

ደወለች። ድምፅዋ ደርቋል።

ፈታችው። ከብሎኖቹ አንዱ ተቆርጧል፤ ሌላው በጣት ይዞራል። የኩሽኔታው ኳሶች ደቅቀዋል። «ድንጋዩን በእጄ ገፋ ባደርገው ተወዛወዘ፣ አባ። እንደ ላላ ጥርስ።» ያ ሲጮህባት የነበረው የሙሽራ አባት ኩሽኔታውን ሲያይ አማተበ። እህሉን መልሶ ጭኖ ሲሄድ «አንቺን ከምንቀብር ሙሽራዋ ንፍሮ ብታበላን ይሻላል» አላት። ሸጋ ሰው ነው።

«ስንት ቀን ይቀረው ነበር?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው። ለማወቅም አልፈልግም።

ልኩን ነገረችኝ፤ አዲስ ኩሽኔታ ከነብሎኖቹ ፒያሳ አገኘሁ። ስመለስ በዳዊት ሱቅ በር አለፍኩ። ልገባ አላሰብኩም ነበር። ገባሁ።

«ሠራ እንዴ አያ?»

«ሠራ።»

«ቆቡስ?»

«ወለቀ።»

አልሳቀብኝም። ቢስቅ ኖሮ ተመልሼ አልገባለትም ነበር።

እሑድ፣ ጥር 21

ማርያም ናት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኩሽኔታውን ግራሶ ቀብቼ በላስቲክ ጠቀለልኩት። ዕቃውን የሚያደርስልኝ ሹፌር መንገዱ ከተፈቀደ ነገ እወጣለሁ ብሏል። ከተፈቀደ።

እስከዚያ ወፍጮው ቆሟል። ሰዉ አህያውን ወደ ሩቁ ወፍጮ እየነዳ ነው፤ እሷም በሰው ትታማለች። ትታማ።

ደውዬ አሰራሩን ነገርኳት፤ የቱን ብሎን ቀድማ እንደምታጠብቅ፣ የቱን እንደምታስከትል። ከተገጠመ በኋላ ድምፁን ቀድቼ ልላክልህ ወይ አለች። ላኪልኝ፣ ግን መጀመሪያ ጫማሽን አውልቂና ድንጋዩ አጠገብ ቁሚ፤ እግርሽ የሚልሽን ንገሪኝ፤ እኔ ከዚያ በኋላ እሰማለሁ አልኳት።

«እግር አይሰማም አላልክም ነበር?»

«ብያለሁ።»

ሳቀች። በዚህ ሳምንት ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዋ ናት።

ቆቤ ራሴ ላይ ተመልሷል። ግራ ጆሮዬን ከዓርብ ጀምሮ ትንሽ ይወጋኛል። ለአለሚቱ አልነግራትም። የጥሩወርቅ ድምፅ ሲደርሰኝ ደግሞ መውለቁ አይቀርም።