በጎቹን የሚጠራው ድምፅ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን

ይድረስ ለቀድሞው ባለቤቴ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ በጎቹም ደህና ናቸው። «ልመለስ ወይ?» ያልከው ደብዳቤ ደርሶኛል። መልሱ መጨረሻ ላይ ነው፤ እንደ ልማድህ ዘለህ አታንብብ።

ጥለኸን የሄድክ ሰሞን፣ በጎቹ ሣሩን የሚግጡለት የሶላር ኃይል ማመንጫው ኃላፊ ሊያባርረን ነበር። ሣሩ አድጎ ፓነሎቹን ከፀሐይ መጋረድ ጀምሯል፤ በጎቹ ደግሞ አንዱን ረድፍ ግጠው ሲጨርሱ፣ ብጮህ ብለፋ፣ ወደሚቀጥለው ንቅንቅ አይሉም። የሚያውቁት ያንተን ድምፅ ነዋ! «በሳምንት ውስጥ ካልሆነልሽ የማጨጃ መኪና አስገባለሁ» አለኝ። እጄ ላይ የቀረው ድምፅህ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ በስልክ የላክኸው፣ «ሌላ ሰው አግኝቻለሁ፤ አትጠብቂኝ» የምትልበት። ምን ላድርግ? ከዘበኛው ድምፅ ማጉያ ተዋስኩና ለቀቅኩት። እየተጋፉ መጡ። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ በድምፅ ማጉያ ትፈታኛለህ። ፓነል አጣቢዎቹ በቃላቸው ይዘውሃል፤ «አትጠብቂኝ» ላይ ስትደርስ አብረውህ ይላሉ። መጀመሪያ አለቀስኩ፤ ኋላ እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ።

ችግሩ እናትህ ነበረች። ጆሮዋ ደክሞ ቃሉን አትለይም፤ የልጇን ድምፅ ግን ታውቃለች። በሰማች ቁጥር ምርኩዟን ይዛ ወደ አጥሩ ትወጣለች።

«መጣ አይደል?»

«በጎቹን ሊያዞር ገብቷል፣ እማዬ። ሲመሽ ይመጣል።»

ሲመሽ ትረሳዋለች። ጠዋት እንደ አዲስ ደስ ይላታል። እውነቱን ልንገርህ፣ በጎቹ የእኔን ድምፅ ከለመዱ ዓመት አልፏቸዋል። ማጉያውን ግን አልመለስኩም።

ባለፈው ሰኞ ለቀቅኩት፤ አልወጣችም። ገብቼ ሳያት አልጋዋ ላይ ናት፤ ምርኩዟን ይዛለች፣ ትንፋሽ የላትም። ማክሰኞ ቀበርናት። ዘበኛው «ለልጇ አይነገረውም?» ቢለኝ፣ «ልጇማ በየቀኑ እዚሁ ነበር» አልኩት።

መርዶ በደብዳቤ ማርዳት ጭካኔ ነው፤ አውቃለሁ። የባሰም አለልህ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ከመሞቷ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ያን ቀን «ና» ብልህ በሕይወት ትደርስባት ነበር። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አንተ ከሄድክ ወዲህ የእሷን ገላ ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ መጥተህ በአንድ ቀን ልጅ እንድትሆናት አልፈለግኩም። ይቆጨኛል፤ ግን ለእሷ ነው እንጂ ለአንተ አይደለም።

መልሱ፦ አትምጣ።

ፈጣሪ ነፍሷን ይማር፤ ለአንተም መጽናናቱን ይስጥህ፤ እኔንም ይቅር ይበለኝ። ማጉያውን ለዘበኛው ነገ እመልሳለሁ።

ዛሬም ጠዋት የፈታሃት፣
ሚስትህ