ሳውንድ ካርዱ ከተነቀለ በኋላ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 9። ጠዋት፣ ከሥራ በፊት

ዛሬም ጠየቀኝ። ኮምፒውተሩን ሳበራ፣ ገና ተነስቶ ሳያበቃ ሰማያዊ ገጽ ያመጣል፦ ሳውንድ ካርዱ፣ ድምፅ የሚያወጣው ዕቃ፣ የለም፤ የተመዘገበለትን ሴቲንግ ላጥፋ፣ ላቆይ ወይስ ምንም አላድርግ? ሠላሳ ሰከንድ ይቆጥራል። መልስ ካላገኘ ያልፍና በማግስቱ እንደ አዲስ ይጠይቃል። ይኸው ሦስት ሳምንት። እኔም ሻይዬን ይዤ ቁጥሩ ሲወርድ አያለሁ።

ማስታወሻዬ፣ የነቀለውን ታውቀዋለህ። ከማል ነው። ከዚህ በኋላ ከ. ብቻ እለዋለሁ፣ ሙሉ ስሙን መጻፍ ያናድደኛል። እዚህ ሰው አገር፣ ስማይርና ከተማ፣ አንድ አፓርታማ ውስጥ አራት ዓመት አብረን ኖርን። ኮምፒውተሩንም ዕቃ በዕቃ እየገዛን አብረን ነው የገጣጠምነው። ሊያገባ ስኔልቪል ቤት ሲይዝ የገዛኸውን ውሰድ ያልኩት እኔው ነኝ። የምሩን ይወስዳል ብዬ አይደለም። ሳውንድ ካርዱን ነቅሎ፣ ድምፅ ማጉያውን ትቶ ሄደ። ዘፈን የለም፣ ዜና የለም። ቤቱ ጭጭ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 11። ጠዋት

በንዴት «አጥፋ» የሚለውን ተጫንኩ። ይበለው። የሠርጉን ካርድ ለሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ ልኳል፤ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው አድራሻ ሲጽፍ ያመሸው። የእኔ ስም የለበትም። እኔም ባለፈው ቅዳሜ፣ በሠርጉ ቀን፣ የምሠራበት ፓርኪንግ ላይ ድርብ ፈረቃ ገባሁ። ስልኬ ደጋግሞ ጠራ፣ ቁጥሩ የእሱ ነው፣ አላነሳሁም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 12። ጠዋት

ኮምፒውተሩ ምንም አልጠየቀኝም። ሳውንድ ካርድ የሚባል ነገር ኖሮትም እንደማያውቅ ቀጥ ብሎ ተነሳ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። ለካ እዚህ ቤት ጠዋት ጠዋት የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ ነበር። ሻይ ሳልጠጣ ወጣሁ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 14። ከሰዓት

ዶራቪል። ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ ሌላ ሳውንድ ካርድ ገዛሁ። በርበሬ ልገዛ አጠገቡ ያለው ግሮሰሪ ስገባ የከ. አክስት ከሆኑት ከእትዬ ዘይነባ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ሰላምታዬን በግማሽ ልብ ተቀበሉኝ። ከሠርጉ ለምን ቀረህ አሉኝ። ካርድ አልተላከልኝም አልኳቸው። ቅርጫታቸውን መሬት አስቀመጡ።

«ለወንድም ካርድ ይላካል እንዴ?» አሉኝ። «ሚዜው አንተ ነበርክ። ሱፍህን እንኳን በአሮጌው ኮትህ አስለክቶ አሰፍቶልሃል። ስልክ ፒክ አፕ አታደርግ! በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅህ ሙሽራዋ ዘንድ አረፈደ። ሌላ ሚዜ አልይዝም ብሎ ብቻውን ገባ።»

ሚዜዬ አንተ ነህ ይለኝ ነበር፣ ሳህን ስናጥብ፣ ኳስ ስናይ። እንደ ጨዋታ ነው የያዝኩት። በርበሬውንም ረስቼ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 17። ጠዋት

ሳውንድ ካርዱን ሰካሁት። ማንም ሳይነግረው ኮምፒውተሩ ራሱ አገኘው፦ አዲስ ዕቃ አለ፣ ላዘጋጀው? አዎ አልኩት። ድምፅ መጣ፣ ጥርት ያለ። ና ስማ የምለው ሰው ግን የለም። አጠፋሁት። ከማል ጋ ደወልኩ። ሄሎ ሲል ዘጋሁት። አርባ ዓመት የሞላኝ ሰውዬ። አፈርኩ፣ ቁጭ ብዬም አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 20። ጠዋት

የነገን ፈረቃ ለሌላ ሰው ለቀቅኩ። ስኔልቪል እሄዳለሁ። አድራሻውን ከእትዬ ዘይነባ በስልክ ተቀበልኩ። ቀድመህ ደውልለት አሉኝ፣ ሙሽራዋም ቤቷን ታሰናዳ። የይቅርታውን ቃል ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴም ቀደድኩት። በሩን ባይከፍትልኝስ? ፈርቻለሁ፣ ምን እደብቅሃለሁ። ግን አልደውልም። ደውሎ የሚሄድ እንግዳ ነው።