ከአጥር ውጪ የቀረው ስንኝ

እማ፣

ባለፈው ጥር ወፍጮ ቤት ተሰልፌ ሳለሁ ከኋላዬ የቆመች ሴትዮ ለጓደኛዋ እንዲህ ስትል ሰማሁ፦ «የዘነበች ሙሾ እንኳ መጽሐፍ ገባ አሉ። ከእንግዲህ ጠይብ የለ፣ ጨዋ የለ፤ ሁላችንም አንድ ነን።» ዘነበች ያለችው አንቺን ነው። እኔም አመንኳት። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤ ታተመ የተባለን ነገር አለማመን እንጀራዬን መናቅ ይሆንብኛል። ዱቄቴን ተሸክሜ ወደ ቤት ስመለስ ከመንገዱ ሰው ሁሉ ጋር እኩል ሆኜ ነበር የምራመደው።

ካረፍሽ ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ የሚወራ ስላልነበረ ነው። አሁን አለ። እኩል መሆናችንን ሌላ ሰው እንዳይነግርሽ ብዬ ቀደምኩ።

ከቤቱ ልጀምር። ጓሮ ያለው የሸክላ መተኮሻ ጉድጓድሽ ሣር አብቅሏል፤ ክረምት ሲመጣ ውሃ ይቋጥርና እንቁራሪት ይዘፍንበታል። ቧንቧ ግቢያችን ድረስ ገባልን። ውሃው ግን እንደ ዘመድ ነው፣ ሲመቸው ብቻ ይመጣል። እንስራ የሚገዛ የለም፣ ሰው ሁሉ በቢጫ ጀሪካን ነው የሚቀዳው። ድስት ግን ዛሬም ይፈለጋል። ገበያ ላይ «የዘነበች እጅ ነው» እያሉ የሌላ ሰው ድስት ይሸጣሉ። ስምሽ ከሞትሽ በኋላ ገበያ ወጣለት።

ማኅሌት ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት እኔን በልጣለች። ልጄ ትባላለች እንጂ ያንቺ ነበረች። አንቺን «እማማ»፣ እኔን በስሜ እየጠራች ነው ያደገችው። ጭቃ ስታቦኪ ጀርባሽ ላይ ታዝላ፣ ለነገ ለቅሶ የምታዘጋጂውን ሙሾ እየሰማች ትተኛ ነበር። ሌላው ልጅ በእሹሩሩ፣ እሷ በሰው ሞት። ጾም ያስተማርሻትም አንቺ ነሽ። ሁዳዴን ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማይነካሽ ሴት፣ ፋሲካ ያለፈ እንደሆነ ረቡዕ ቀን ወተት ታስጠጫት ነበር። «ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም ጾም የለም፤ ጌታ ተነሥቶ ሳለ ምን ቆርጦሽ ነው የምትጾሚ» ስትያት፣ እሷ ደግሞ ይህንኑ ይዛ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ታስተምር ነበር።

መጽሐፉ እንዲህ መጣ። ትምህርት ቤታችን ኮሚቴ አቋቋመ። ተማሪዎቻችን የሚያነቡት የአንድ ወገን ሰው ብቻ ነው፣ ወደ ዳር የተገፋው ሰው ድምፅም ይሰማ፣ ለአካባቢያችን የሚሆን ተጨማሪ የንባብ መጽሐፍ እናዘጋጅ ተባለ። እኔም እጄን አውጥቼ ደገፍኩ። መደርደሪያዎቼን አውቃቸዋለሁ። ንጉሥ አለ፣ ጀግና አለ፣ በፍቅር የሚሞት የከተማ ወጣት እንደ ልብ ነው። ድስት የሠራች ሴት የለችም። ጀግናው ሁሉ ይበላል፤ በምን እንደሚበላ አይጻፍም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ መምህር አንዱዓለም ይባላል፤ ከደሴ የመጣ ወጣት የአማርኛ መምህር ነው። ክፋት የለውም። ይህን ደግሜ እልሻለሁ፣ ክፋት የለውም፤ ክፋት ቢኖረው ኖሮ አንጠነቀቀውም ነበር? ቤት ድረስ መጥቶ ከሙሾሽ አንድ እንድሰጠው ለመነኝ። እኔም የአያ በለጠን ሰጠሁት።

የአያ በለጠ ለቅሶ ትዝ ይልሻል? ያ ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው፣ በሬው ከደጁ የማይጠፋ ጎረቤታችን። እንዳንቺ የሚያስለቅስ ስላልነበረ አንቺን ጠሩ፤ ዓይንሽ ምግቡ ላይ እንዳያርፍ ደግሞ ከአጥሩ ውጪ አቆሙሽ። እኔ የነጠላሽን ጫፍ ይዤ ነበር። ሰውየውን እስከ ሰባት ቤት አያቶቹ እየጠራሽ አለቀስሽው፤ ውስጥ ያሉት በአጥሩ ላይ በሚያልፈው ድምፅሽ ደረት መቱ። ከዚያ እህል ሰጡን፣ በገል አድርገው። ለኛ የሰጡትን ዕቃ መልሰው ስለማይበሉበት የተሰበረ ሸክላ ነበር የሚመርጡልን። አንቺ ገሉን ገልበጥ አድርገሽ አየሽና «ይሄማ የኔው ነው፤ ያን ዓመት አፈሩ ደህና ነበር» ብለሽ በላሽ። ስንጨርስ ወደ አጥሩ ዞርሽና ይቺን ጣልሽባቸው፦

ወጡ በድስቴ ነው፣ ጠላው በእንስራዬ፤
እኔ ካጥር ውጪ፣ ከደጅ ነው እንባዬ።

ውስጥ ያሉት ስለ ሟቹ መስሏቸው ጮኸው አለቀሱ።

ኮሚቴው ሁለቱን መስመር በጥልቀት ተወያየበት። መጀመሪያው መስመር «የእደ ጥበብን ክብር ያሳያል» ተብሎ አለፈ። ሁለተኛው ለተማሪ ተስፋ አይሰጥም ተባለ። በዚህ ተባብረው አዲስ ስንኝ ገጠሙልሽ፦

ወጡ በድስቴ ነው፣ ጠላው በእንስራዬ፤
ወገኔ ብዙ ነው፣ ታበሰ እንባዬ።

ቤቱ አልተበላሸም፣ ይመታል። በሕይወት ዘመንሽ ሁሉ የሸሸሽ ወገን በአንድ ስብሰባ ውሳኔ ብዙ ሆነልሽ። ከግጥሙ ሥር «ካልታወቀች እናት» የሚል ተጻፈ። ሄጄ፣ ምነው፣ ታውቋት የለም እንዴ አልኩ። ለክብሯ ብለን ነው አሉኝ። ሥዕልም አለው፤ ጸጉሯን አሣምራ የተሠራች ቀይ ሴት እንስራ አቅፋ ትስቃለች። እንስራው ጆሮ የለውም። እንዲህ ያለ እንስራ ብትሠሪ ገዢ ይቅርና እኔም እስቅብሽ ነበር።

እሺ ይሁን አልኩ። መቼም ሰው ተለውጦም ቢሆን መግባቱ ካለመግባቱ ይሻላል ይላሉ። እኔ የምጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ ማኅሌት ያቺን ገጽ ገልጣ፣ በሰው ፊት፣ «ይቺ አያቴ ናት» ስትል መስማት። እኔ በእሷ ዕድሜ ያላልኩትን። መጽሐፍ ለሌላ ለምን ይሆናል?

ደግሞ የዛሬ ልጅ የሰው ዘር አይጠይቅም፣ የስልክ ዓይነት ነው የሚጠይቅ። ትልልቁ ሰው ሁሉ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃል፣ ማንም ግን አያነሳውም። የማኅሌት ጓደኞች ግን አያውቁም ነበር። ከመሪጌታው ልጅ ከፍሬሕይወት ጋር አንድ ወንበር ተቀምጠው፣ ከአንድ ምሳ ዕቃ ነበር የሚበሉት።

መምህር አንዱዓለም ምዕራፉን ሲያስተምር «ያልታወቀች እናት» የሚለው ለካ ከነከነው። እውነት ይነገር ብሎ ለክፍሉ አንቺ ማን እንደነበርሽ፣ ምን ትሠሪ እንደነበር፣ ጠይብ ማለት ምን እንደሆነ፣ ሰዉ ቡዳ እያለ እንዴት እንደሚሸሽ አንድ በአንድ አስረዳ። ከዚያ «የልጅ ልጇ እዚሁ ክፍላችን ውስጥ ናት፤ አጨብጭቡላት» አለ። ክፍሉ አጨበጨበ። በደንብ ነው ያጨበጨቡት አለችኝ።

በምሳ ሰዓት ማኅሌት ስትገባ የምሳ ዕቃ ክዳን ሲገጠም ሰማች። አንድ ክዳን፣ ሌላ ክዳን። በማግስቱ ፍሬሕይወት ደብተሯ መሐል የጤና አዳም ቅጠል ይዛ መጣች። ለሽታው ነው አለች። በሳምንቱ ደግሞ ዓይኔ ደክሟል፣ ሰሌዳው አይታየኝም ብላ ወደ ፊት ወንበር ተዛወረች። ጠይብ በዓይኑ ሰው ይበላል የሚባለውን ከክፍሉ ግማሹ አያውቀውም ነበር፤ ዕድሜ ለትምህርት፣ አሁን ሁሉም ያውቀዋል። ፈተና ላይም ወጣ።

ልጅሽ አላለቀሰችም። ማታ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «እማማ ሸክላ ትሸጥ ነበር እንጂ አትሠራም ነበር ብል ውሸት ይሆናል?» አለችኝ። ትሸጥም ነበር አልኳት። እሱን አልጠየቅኩሽም አለች።

የወላጆች ቀን ሲደርስ ክፍሉ ሙሾሽን በድራማ አቀረበ። አንቺን የሚሆን ሰው ሲፈለግ ለማኅሌት ስሜቷን ይነካል ብለው አሰቡላትና ለፍሬሕይወት ሰጡ። ማኅሌት መጋረጃ ሳቢ ሆነች። እንስራ ሲያስፈልግ ከቤታችን ላምጣ አልኩ፤ ይሰበራል፣ አትቸገሪ ብለው ከካርቶን ሠርተው ቀለም ቀቡት። ፍሬሕይወት ያንን ካርቶን አቅፋ «ወገኔ ብዙ ነው» ስትል አዳራሹ በእንባ ታጠበ። ወፍጮ ቤት ያየኋት ሴትዮ እንኳ በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አየኋት። እኔ ማልቀስ አልቻልኩም፤ የአልቃሽ ልጅ ማልቀስ የለባትም ትይ የነበረው ትዝ ብሎኝ ይሆናል። መጋረጃው በሰዓቱ ተዘጋ። ልጅሽ ጎበዝ መጋረጃ ሳቢ ናት።

ትናንት ሁለተኛ ዓመትሽን ዘከርን። በግ አረድኩ። ወጡን በመጨረሻው ድስትሽ፣ በዚያ ታመሽ ሳለ ተኝተሽ ባለሰለስሽው ድስት ሠራሁት። ኮሚቴው በሙሉ መጣ፣ ርእሰ መምህሩ መጣ፣ መምህር አንዱዓለም የማኅሌትን ክፍል ሴት ልጆች አስከትሎ መጣ። ቤታችን ይህን ያህል ጫማ ደጁ ላይ አይቶ አያውቅም። አንቺ ብትኖሪ «ማን ሞተ?» ትይ ነበር።

ርእሰ መምህሩ ተነሥቶ ተናገረ። እኚህ እናት የእገሌ የእገሊት ሳይሆኑ የሁላችንም እናት ናቸው፣ ዛሬ በዚህ ቤት መገኘታችን ራሱ የእኩልነታችን ምስክር ነው አለ። ጥሩ ንግግር ነበር፤ ብትሰሚው ቤት ትመቺለት ነበር። ሲጨርስ ማስታጠቢያውን ያዝኩ፤ ሁሉም እጃቸውን ታጠቡ። ድስቱን አምጥቼ መሐል ላይ አስቀመጥኩት።

ርእሰ መምህሩ ድስቱን አየና ረቡዕ መሆኑ ትዝ አለው። «ውይ፣ ለካ ዛሬ ጾም ነው» አለ። አጠገቡ ያለውም ትዝ አለው። እየዞረ ሁሉም ትዝ አላቸው። የመሪጌታው ልጅም ትዝ አላት። ሙስሊሙ የኬሚስትሪ መምህር ሰይድ ብቻ፣ ሥጋችንን እንዳይበላ ሃይማኖቱ የሚከለክለው እሱ ብቻ፣ ዳቦውን በሸክላ ሳህንሽ ተቀብሎ ቆርሶ በላ፤ «አላህ ይማራቸው» አለና ደገመ።

ማኅሌት ከጓደኞቿ መሐል ተቀምጣ ነበር። ሳህኗን አቀረብኩላት። ከዚያ ድስት ሥር የተቃጠለውን እየፋቀች ያደገች ልጅ ናት። ልጃገረዶቹ እጇን አዩ፤ እኔም እጇን አየሁ። አንድ ጉርሻ ብቻ አልኩ በልቤ። መጽሐፉም ቀርቶብኝ፣ ድራማውም ቀርቶብኝ፣ አንድ ጉርሻ። ሳህኑን በሁለት ጣቷ ቀስ አድርጋ ወደ እኔ መለሰችው። ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ እንደሚመልስ ተማሪ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «እኔም ጾመኛ ነኝ» አለች።

ፍሬሕይወት ጠጋ አለችላት።

አልተቆጣኋትም፣ አንቺም አትቆጫት። ልጅ የሚኖርበትን ቤት ይመርጣል፤ እኛ ደግሞ ምርጫ ስላልነበረን ጀግና መስለን ነበር። ዛሬ ጠዋት ሳትነቃ ሥራ ገባሁ። የመጽሐፉን ቅጂዎች ከመደርደሪያ አውርጄ ያንቺ ገጽ ላይ፣ በኅዳጉ፣ ካጥር ውጪ የነበረውን መስመር በእርሳስ መጻፍ ጀመርኩ። መጽሐፍ ላይ የጻፈ ይቀጣል ብዬ በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ፤ ስለዚህ ቅጣቱን ከራሴ ጋር እነጋገርበታለሁ። ሁሉም ላይ እጽፈዋለሁ። ቢያጠፉት ደግሜ እጽፈዋለሁ። ከስሩም ስምሽን፣ የአባትሽን ስም፣ የአያትሽን ስም፣ አንቺ ለሰው ሁሉ እንደጠራሽው እስከማውቀው ድረስ እጠራዋለሁ። እስከምሞት አልረሳሽም እማ።

ጾሟን ስትፈታ ትበላው እንደሆነ ብዬ ድስቱን ከነክዳኑ አስቀምጬላታለሁ። ጰራቅሊጦስ ሊደርስ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል።