በፀሐይ ቀን የሚቋረጥ መስመር

ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለጉንዳኔ፤

እንዴት ነሽልኝ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከማጉረምረሙ በቀር። እናትሽም ደህና ናት። «ስለ ሽቦ ብቻ እየጻፍክ ልጅቷን እንዳታሰለቻት» ብላኛለች። ምን ላድርግ፣ ሰሞኑን ጭንቅላቴን የሞላው ሽቦ ነው።

መሥሪያ ቤታችን፣ እንደምታውቂው፣ ቢሮው ከመንገዱ ወዲህ፣ መጋዘኑ ወዲያ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው የስልክ ማዞሪያ አላቸው፤ ማዞሪያዎቹን የሚያገናኛቸው በጣሪያ ላይ የሚያልፍ አንድ መስመር ነው። ይህ መስመር ወር ሙሉ አሾፈብኝ። ቀትር ላይ ደንበኛ ከመጋዘን ጋር እያወራ መስመሩ ድንገት ጭጭ ይላል። መሣሪያዬን ተሸክሜ ስደርስ የማዞሪያው አረንጓዴ መብራት በርታ ቁልጭ ቁልጭ ትልብኛለች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ!

ማዞሪያው ውስጥ ያለውን የመስመሩን ካርድ ቀየርኩ። የቢሮውን ጫፍ መልሼ ከራሱ ጋር አገናኝቼ ፈተሽኩ፤ ጤነኛ። መጋዘን ሄጄ እንደዚያው አደረግኩ፤ እሱም ጤነኛ። መስመሩን ጠዋት ጠዋት ለካሁት፤ ጤነኛ። ሁሉም ጤነኛ ከሆነ በሽተኛው ማነው? እኔ እሆን እንዴ? እንደ እንቆቅልሽ አገር ሰጥቼ ልገላገል ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ግን በሽተኛዋን አገኘ። የቢሮውን ማዞሪያ ይዛ ስልክ የምታገናኘውን ኦፕሬተር ጠርቶ፣ «ምሳ ሰዓትሽ ሲደርስ ደንበኛ ላይ ትዘጊያለሽ» አላት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ጻፈባት፤ ዳግመኛ ከተቋረጠ ከሥራ ትባረራለች። ሁለት ልጆች ለብቻዋ ነው የምታሳድገው። እኔም አጠገቧ ቆሜ ነበር። ምክንያቱን ሳላውቅ ምን ብዬ ልከራከርላት?

እሷ ግን አልቅሳ አልተቀመጠችም። በማግስቱ ደብተር ይዛ መጣች፤ የተቋረጠበትን ቀንና ሰዓት ሁሉ መዝግባዋለች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይዩት። ደመና በዋለ ቀን አንድም ጊዜ አልተቋረጠም።»

«ደመናና ስልክ ምን አገናኛቸው?»

«እኔ ምን አውቄ? ባለሙያው እርስዎ!»

ባለሙያው አፈረ። በማግስቱ በቀትር፣ ቆርቆሮው እሳት ሲሆን፣ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። መሃል ላይ የመቀጠያ ሳጥን አለ። ስከፍተው ሽቦው እንዲሁ ተጠማዞ ብቻ ተቀጥሏል፤ ብየዳ የሚባል አልነካውም፤ ዝጎም ነበር። ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲበርድ ይገጥማል። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራውን ሰነፍ ልረግም አፌን ስከፍት ክዳኑ ውስጥ ጽሕፈት አየሁ። እኔ ሽቦ በቀጠልኩ ቁጥር ቀን እጽፍ የለ? የገዛ እጄ ጽሕፈት ነው። ቀኑ፣ ከስድስት ዓመት በፊት አንቺ የሄድሽበት ቀን ነው።

ማታውን «እሄዳለሁ»፣ «የትም አትሄጂም» ተባብለን ተኳርፈን ነበር ያደርነው። ጠዋት «መስመር ተቋረጠ ተብያለሁ፣ መናኸሪያ ልሸኝሽ አልችልም» አልኩሽ። እና አሁን ከጣሪያው ወርጄ የብልሽት መዝገቡን ገለበጥኩ። በዚያ ቀን ተቋረጠ የሚል አንድ መስመር ጽሕፈት የለም። ታዲያ ጤነኛውን ሽቦ ምን ብዬ ቆርጬ ቀጠልኩት? ውሸታም ላለመባል? እጄን ሥራ ለማስያዝ? እኔ እንጃ ልጄ፤ ባስበው ባስበው ዞረብኝ። ከዚያ ጣሪያ ላይ ሲቆሙ የአውቶቡሶቹ መውጫ ይታያል። ይህን አስታውሳለሁ፤ ሌላው ተምታቶብኛል።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቼ «የቀጠልኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ምንም የለችበትም» አልኩት።

«ያን ቀን ምን ነክቶዎት ነው?»

«እንጃ።»

ትክ ብሎ አየኝና የሷን ደብዳቤ ቀደደው፤ የኔን ጻፈ። በሠላሳ ዓመት አገልግሎቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ እናትሽ ኪሴ ውስጥ አግኝታው እስካሁን ትስቅብኛለች። ሽቦውን በሥርዓቱ በየድኩት። ይኸው ዘጠኝ ፀሐያማ ቀን፣ አንዴም አልተቋረጠ።

በይ ልጄ፣ የረገጥሽው ይለምልም፤ ደጅሽ ሰው አይጣ፤ ክፉ አይንካሽ። ለመምጣት ስታስቢ ቀኑን ብቻ ቀደም ብለሽ ጻፊልኝ። ፈቃድ እጠይቃለሁ። አውቶቡሱ ቢዘገይም መናኸሪያው ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

አባትሽ