ባዶውን ጥግ የሞላንበት ሳምንት

ቅዳሜ

ተጫዋቾቹ ገና ለእረፍት ሳይወጡ ሰዉ ከስታዲየሙ መሄድ ጀመረ። ከፊታችን የሚቀመጡት ሽማግሌ ባልና ሚስት ብርድ ልብሳቸውን አጣጥፈው "ጉድ ላክ" ብለውኝ ወጡ። እኔን! እኔ መች እጫወታለሁ?

ተሸነፍን። የኮሌጄ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ዘንድሮ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። ውጤቱን እዚህ መጻፍ አልፈልግም፤ ነገ ዓይኔ እንዲያርፍበት አልሻም።

ያንገበገበኝ ይሄ ነው፦ ኳሱን ይዞ የሚሮጠው ልጅ ማንም ሳይነካው ጣለው። አሠልጣኙ አንዲት ክንድ የማትሞላ መሬት ቀርታው ሳለ ፈርቶ ኳሱን አስመትቶ አስረከበ። የተማሪዎቹ ክፍል በሦስተኛው ሩብ ላይ ከባንዱ በቀር ባዶ ነበር። ባንዱም የሚነፋው መንፋት ስላለበት ነው።

ጋሽ ወልዴ ግን እስከ መጨረሻዋ ፊሽካ ንቅንቅ አላሉም። ነርሲንግ ልማር እዚህ ኮሌጅ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድም ሰው አላውቅም ነበር። እሳቸው ያኔ የኤርፖርት ታክሲ ይነዳሉ። አንድ ተሳፋሪ ትርፍ የጨዋታ ትኬት ሰጥቷቸው መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ፤ በዚያው ቀሩ። ጨዋታውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ እኔ ነኝ እየነዳሁ የማመጣቸው።

ስንመለስ 360 አውራ ጎዳና ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን፣ "ልጄ፣ መሸነፉስ ይሁን" አሉኝ። "ሰዉ ትቶ ሲወጣ ግን ልጆቹ ዞር እያሉ ያያሉ። አይተሻቸዋል?"

አይቻቸዋለሁ።

እሑድ

ነገ ጾም ይገባል። ብሩክ ጓሮ ወጥቶ ያለንን ሥጋ ሁሉ ጠበሰው። ባሌ ከፉትቦል የሚወደው ነገር ቢኖር ፓርኪንግ ሎት ላይ የሚጠበሰው ሥጋ ብቻ ነው።

እየበላን ስልኬ አላረፈም። የቀድሞ ተማሪዎች ግሩፕ በአንድ ወሬ እየተናጠ ነው። የኮሌጁ ቦርድ በጃንዋሪ ተሰብስቦ ፉትቦሉ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ ብሎ ሊወስን ነው። ወሬ ነው ብዬ ነበር፤ ኮሌጁ ራሱ አስታውቋል።

"ሶ፣ ቅዳሜያችን ተመለሰልን ማለት ነው" አለ ብሩክ።

ፊቴን አየና ሹካውን አስቀመጠ።

"ሰሊ፣ እየቀለድኩ ነው። ግን እስቲ እውነቱን እናውራ። አንቺ የቦርዱ አባል ብትሆኚና ያን ባዶ ወንበር ብታዪ፣ ለማን ብለሽ ታስቀጥያለሽ?"

የሚያናድደው ጥያቄው ልክ መሆኑ ነው። የቀረን አንድ ጨዋታ ነው፤ በሜዳችን፣ ከታንክስጊቪንግ ማግስት፣ ዓርብ ቀን። ተማሪ በሙሉ ወደ ቤቱ በሚሄድበት ዕለት! ይሄን ፕሮግራም ያወጣው ሰው ስታዲየሙ ባዶ እንዲሆን ተስሎ ይሆን?

ሰኞ

የባሰ አለ። ኳርተርባካችን፣ ጨዋታውን የሚያዘው ልጅ፣ ዛሬ ቡድኑን ለቀቀ። ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ኮሌጅ ይፈልጋል። አንድ ጨዋታ መታገሥ አቃተው? በምሠራበት የኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ የዲያሊሲስ ማሽን እያጠብኩ ነው ያነበብኩት፤ በአማርኛ ተሳደብኩ፤ ደግነቱ የሚሰማኝ አልነበረም። ትንሽ ቆይቼ አዘንኩለት። እድሜው ሃያ ነው። ሊዘጋ ይችላል የተባለ ቤት ውስጥ ማን ይቀመጣል?

ምሳ ሰዓት ላይ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ትኬት ቢሮ ደወልኩ። ምን ልል እንደደወልኩ አላውቅም፤ መናገር ስጀምር ነው ያወቅኩት። ዓርብ የተማሪዎቹ ጥግ ባዶ ከሆነ ሰው ላምጣበት? አልኩት። ሰውየው ድምፁ የደከመው ነው። "የምታመጪው ካለ ውሰጂው፣ በነጻ ነው" አለኝ። "ምን ያህሉን ነው የምትፈልጊው?"

"ሙሉውን" አልኩት።

ስልኩን ዘጋሁ። ሰው ከየት ነው የማመጣው?

ማክሰኞ

ከሥራ በቀጥታ ቪከሪ ሜዶ ወደሚባለው የአፓርታማ ሰፈር ሄድኩ፣ እትዬ ጥሩነሽ ጋ። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። እሳቸው "ኑ" ያሉት ሰው ይመጣል፤ "ቅሩ" ያሉት ይቀራል። እዚያ አፓርታማ ውስጥ ቅርብ ጊዜ የገቡ ሐበሾችን ሁሉ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

የመጣሁበትን ስነግራቸው አዘኑብኝ።

"ይሄ ልጆቹ እንደ በግ የሚዋጉበትን ነው? ምነው ሰላም! የሰው ልጅ ሲሰባበር ቁጭ ብዬ ላይ?"

"ሄልሜት አላቸው እኮ እትዬ።"

"በጉም ቀንድ አለው።"

ቀናሁባቸው፤ እንዲህ ዓይነት መልስ ቶሎ አይመጣልኝም። ከዚያ ስለ ጨዋታው ማውራት ተውኩና ስለ ልጆቹ አወራሁ። ብዙዎቹ ከቤታቸው የመጀመሪያ ሆነው ኮሌጅ የገቡ ናቸው። የአንዳንዱ እናት ሁለት ሥራ ስላላት መጥታ አይታው አታውቅም። ዓርብ ዕለት ወደ ሜዳ ሲገቡ የሚያጨበጭብላቸው ሰው አይኖርም።

እትዬ ጥሩነሽም ሥራ ላይ ሆነው የልጃቸውን ምርቃት እንዳላዩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ሆን ብዬ አልነበረም።

"ስንት ሰዓት ነው?" አሉኝ።

ረቡዕ

ከማታ ጸሎት በፊት ጋሽ ወልዴ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ትምህርት ሰጡ። የመጣው ሰው እኔ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ግማሹ ለምን እንደመጣ አያውቅም፤ እትዬ ስላሉ ነው።

ጋሽ ወልዴ ወንዶቹን በሁለት ሰልፍ ፊት ለፊት አቆሟቸው። እትዬ ጥሩነሽን ከኋላ አቆሙና ነጠላቸውን ጠቅልለው እንደ ኳስ ይያዙ አሏቸው።

"እርስዎ ኳርተርባክ ነዎት። አዛዡ ማለት ነው።"

"እሱስ ለምጄዋለሁ" አሉ እትዬ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

"አሁን ስሙኝ" አሉ ጋሽ ወልዴ። "አራት ጊዜ ይሞክራሉ። በአራቱ ውስጥ አሥር ያርድ፣ አሥር ትልልቅ እርምጃ በሉት፣ ከሄዱ እንደገና አራት ይሰጣቸዋል። ካልሄዱ ኳሱን ያስረክባሉ። በቃ፣ ሌላው ጌጥ ነው። ዋናው ነገር መቼ እንደምትጮሁ ማወቃችሁ ነው። ኳሱ የእኛ ሲሆን ዝም! ልጆቹ ትእዛዝ መስማት አለባቸው። ኳሱ የእነሱ ሲሆን ጩኹ፣ እርስ በርስ እንዳይሰሙ።"

ከኋላ አንድ ወጣት፣ ከመጣ ወር እንኳን ያልሞላው፣ "የራሳችን ሲይዙ ዝም፣ ጠላት ሲይዝ ጩኸት?" ብሎ ጠየቀ።

"ልክ ነው።"

"ያስቸግራል" አለ። በደንብ ነው የገባው።

ሐሙስ

ታንክስጊቪንግ። ጾም ስለሆነ እኛ ቤት የበዓሉ ዶሮ፣ ተርኪ፣ የለም፤ የምስር ሳምቡሳ ለነገ እየጠቀለልን ነው የዋልነው። ብሩክ ሥጋ የሌለበት ቴይልጌት፣ ከጨዋታ በፊት የሚደረገው የፓርኪንግ ድግስ፣ ኃጢአት ነው እያለ ይጠቀልላል። ነገ ሶፋ ላይ ተኝቶ ሊውል ነበር ሐሳቡ፤ ጠዋት ሳልጠይቀው፣ "ቫኑን ከወንድሜ ተበድሬያለሁ፣ ከቪከሪ ሜዶ የሚመጡትን እኔ አመጣለሁ" አለኝ። ጉንጩን ሳምኩት፣ ዱቄት ተቀባ።

ከሰዓት በኋላ ከሰሜን ብርዱ ገባ። ነፋሱ የጎረቤታችንን ቆሻሻ ገንዳ መንገድ ላይ አንከባለለው። ወዲያው ስልኬ ይጮህ ጀመር። አንዷ ልጇን ጉንፋን ይዞታል። አንዱ ተጨማሪ ሥራ አገኘ። አንዱ ምክንያት እንኳን አልፈጠረም፣ "ይቅርታ፣ በጣም ይበርዳል" ብሎ ቴክስት አደረገ። ቢያንስ አልዋሸም።

ጋሽ ወልዴ ጋ ደውዬ እርስዎም ከበረደዎት ይቅሩ አልኳቸው።

"ምን?" አሉ።

"ብርዱ ለእርስዎ…"

"ሰላም፣ ሲያሸንፉ ሳላይ ይሄ ዓመት አያልቅም። ስትመጪ በር ላይ ቆሜ ታገኚኛለሽ።" ዘጉብኝ።

እኔም ሄጄ በቤታችን ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ መኪና ውስጥ ጫንኩ። የመጣው ይመጣል። የመጡትን ይዤ እጮሃለሁ።

ዓርብ

ገና አልጨለመም፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ሳይረሳኝ።

ጥጉ አይሞላም ብዬ ፈርቼ ነበር። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ብሩክ ቫኑን ይዞ መጣ፤ ከኋላው ሌላ መኪና፣ ከዚያ ሌላ። ቀሩ ያልኳቸው ሳይቀሩ መጥተዋል። ጋቢ የለበሰ፣ ሁለት ካፖርት የደረበ፣ ልጁን በብርድ ልብስ የጠቀለለ። እትዬ ጥሩነሽ የፊት ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ ወደ ሜዳው ከሚያስገባው ዋሻ ሲወጡ ሁላችንም ተነሥተን አጨበጨብን። አንዱ ግዙፍ ልጅ ቆሞ አየን። ሄልሜቱ ውስጥ ፊቱ ባይታይም አንገቱን ሰበር አደረገልን፣ እንደ ሰላምታ።

አጀማመሩ አስቀያሚ ነበር። አዲሱ ኳርተርባክ ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው፤ እጁ ላይ ኳሱ ትኩስ ድንች የሆነ ይመስላል። የእኛ ሰው ደግሞ የረቡዕን ትምህርት በሙሉ ረስቶ ልጁ ትእዛዝ ሲሰጥ ይጮሃል! ልጁ ወደኛ ዞሮ ሁለት እጁን ወደ ታች፣ ወደ ታች አደረገ።

"ምን አለ?" አሉ እትዬ።

"ዝም በሉ ነው የሚለው።"

"ደግፈነው ይቆጣል?"

ጋሽ ወልዴ ከረድፉ ወጥተው ደረጃው ላይ ቆሙ። ከዚያ በኋላ ሙሉውን ጨዋታ እሳቸውን ነበር የምናየው፤ እጃቸው ሲወርድ ዝም፣ ሲነሣ ጩኸት። የጉልበታቸው ሕመም የት እንደገባ እንጃ።

ከእረፍት በኋላ ልጁ ተረጋጋ። አንድ ረጅም ወረወረ፣ ተያዘለት፣ ታችዳውን፣ ስድስት ነጥብ! ብሩክ፣ የእኔ ብሩክ፣ የማያውቀውን ሰው አቅፎ ዘለለ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀር በአንድ ነጥብ መምራት ጀመርን። በአንድ! ከዚያ እነሱ ኳሱን ይዘው መጡ፣ መጡ፣ መጡ። ወደ ግቡ ብረት እየተጠጉ ነው። አንድ ምት በላዩ ካሳለፉ ሦስት ነጥብ ነው፣ አለቀልን።

የጋሽ ወልዴ እጅ ተነሣ። ጮኽን። ግን ጉሮሮአችን አልቋል፤ የሚወጣው ሹክሹክታ ነው። እትዬ ጥሩነሽ ወደኔ ዞሩና፣ "እኔ ከዚህ በላይ ጩኸት የለኝም፣ የማውቀው ይሄን ነው" አሉኝ። ተነሡ። እልልልልል አሉ።

ከኋላቸው ያሉት ሴቶች ሁሉ ተቀበሏቸው። ያ ኮንክሪት ጥግ ድምፁን ይዞ ወደ ሜዳው ወረወረው። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ሠርግ ላይም አልሰማሁም። የእነሱ ኳርተርባክ ጆሮውን በእጁ ይዞ ይጮሃል፣ የሚሰማው የለም። ከፊት ካሉት አንዱ ኳሱ ሳይነሣ ዘሎ ወጣ። የዳኛው ቢጫ የቅጣት ጨርቅ ወደቀ። አምስት ያርድ ወደ ኋላ!

"ምን ሆነ? ምን ሆነ?" ይላሉ እትዬ።

"እርስዎ ነዎት ወደ ኋላ የመለሷቸው!"

"እኔ?" ዓይናቸው ፈጠጠ። "ታዲያ ልድገመዋ!"

ደገሙት። የወረወሩት ኳስ መሬት ወደቀ። ለመጨረሻው ምት ተሰለፉ። ኳሱ ተነሣ፤ ከኛ ጥግ ሲታይ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ከዚያ ነፋሱ ያዘው መሰለኝ፣ እንደ ደከመው ወፍ ዝቅ፣ ዝቅ አለና ከብረቱ በታች ወደቀ።

አሸነፍን።

ጋሽ ወልዴ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። አቅፌ ላነሣቸው ስሄድ በመሐረብ ፊታቸውን ሸፍነው ነበር። አላስቸገርኳቸውም፤ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ልጆቹ ወደ መልበሻ ክፍል ሳይሆን ቀጥታ ወደኛ ጥግ ሮጠው መጡ። ያ የእኛ ኳርተርባክ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያን ድምፅ ማን እንዳወጣው ጠየቀኝ። ወደ እትዬ ጠቆምኩት። አጥሩን ተሻግሮ የእትዬን ጉልበት ጎንበስ ብሎ ነካ፤ ማን እንዳስተማረው አላውቅም፣ ከኋላ ያ አዲስ የመጣው ወጣት ይስቃል።

እሑድ

ድምፄ የለም። ቅዳሴ ላይ ተሰጥኦውን በከንፈሬ ብቻ ነው የተቀበልኩት።

ስንወጣ እትዬ ጥሩነሽ ክንዴን ያዙኝ። ከኋላቸው ሦስት አራት ሴቶች አሉ።

"ቀጣዩ መቼ ነው?"

"አለቀ እኮ እትዬ። በፈረንጅ ሴፕቴምበር ነው የሚቀጥለው" አልኩ በሹክሹክታ። "ያውም ከቀጠለ።"

"ካልቀጠለ ማለት?"

ስለ ቦርዱ ስብሰባ ነገርኳቸው። አንድ ድል ብዙም እንደማይለውጥ፣ ኳርተርባኩ ልጅም ሊሄድ ይችላል እየተባለ እንደሆነ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ደስታቸውን ባላበላሽ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን መዋሸት አልፈለግኩም። ስብሰባው ላይ ማንም ተመዝግቦ መናገር ይችላል ስላቸው እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"እኔም?"

"እርስዎም።"

"እንግሊዝኛዬ አይበቃም።"

"እኔ አስተረጉማለሁ።"

"እንግዲያው መዝግቢኝ" አሉ። "ጋሽ ወልዴንም መዝግቢ። እነዚህንም።"

አሁን ከምዝገባው ገጽ ፊት ተቀምጫለሁ። ቦርዱ ምን እንደሚወስን አላውቅም። ብሩክ ከኋላዬ መጥቶ ስማችንን አየና የራሱን ከታች ጨመረ። እስከ ስብሰባው ዝንጅብል በማር እጠጣለሁ። ሁለት ሰው ሆኜ፣ ለራሴም ለእትዬም፣ የምናገርበት ድምፅ ያስፈልገኛል።